ወንበሩ የት ገባ?

የክሩ፣ ማለትም የአንድ ኢንተርኔት ላይ ውይይት፣ ከፋች ጥያቄ አልጠየቀም። ፍርድ ሰጥቶ ነው የጀመረው። ጎበዝ ዳይሬክተር በሠራው ፊልም ውስጥ የኮንቲኒዩቲ ስህተት፣ ማለትም አንዱ ምስል ከቀጣዩ ጋር አለመግጠም፣ ብሎ ነገር የለም ባይ ነው። ሰው ስህተት የሚለው ሁሉ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ሳይገባን ያለፈ መልእክት ነው።

ማስረጃው ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 ያወጣው «ዘ ሻይኒንግ» ነው፤ መንፈስ ያለበት ሆቴል ውስጥ የሚካሄድ አስፈሪ ፊልም። ጃክ ታይፕራይተሩ ላይ አቀርቅሮ ይተይባል። ሚስቱ ልታናግረው ትመጣለች። ከጃክ ጀርባ ግድግዳው ሥር አንድ ወንበር አለ። ካሜራው ወደ እሷ ዞሮ ሲመለስ ወንበሩ የለም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቦታው ላይ ይገኛል። አንዱን ትዕይንት ተዋናዩ እስኪሰለች ድረስ እየደጋገመ የሚቀርጽ ሰው እንዴት ወንበር ያህል ነገር ያመልጠዋል? የከፋቹ ክርክር ይኸው ነው። መደምደሚያውም አጭር ነው፤ ወንበሩን የበላው ሆቴሉ ነው።

እኔ ክሩ ላይ የደረስኩት ሠላሳ ምናምን መልስ ከተከመረበት በኋላ ነው። አንዱን ብቻ ላንብብ ብዬ ገብቼ ሁሉንም ጨርሼ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ክር ደግሞ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ካልተወራ ለዛው ይጠፋል።

1ኛው መልስ በትህትና ነው የገባው። ከፋቹን «እርስዎ» እያለ አመስግኖ ሌላም ጨመረለት። ታይፕራይተሩ መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው፤ ኋላ ላይ ጠቆር ብሎ ይገኛል። ልጁ ዳኒ አሻንጉሊት መኪኖቹን ይዞ የተቀመጠበት ምንጣፍም፣ ኳሷ ተንከባላ ከመጣች በኋላ ጥለቱ የዞረ ይመስላል።

2ኛው ከሌላ አቅጣጫ መጣ፤ እሱም በጨዋ ቋንቋ። ደጋግሞ መቅረጽ ስህተትን አይቀንስም፣ እንዲያውም ያበዛል ባይ ነው። ቀረጻው በረዘመ ቁጥር ዕቃ ይነሳል፣ መብራት ይዛወራል፣ ሰው ምሳ ይወጣል፣ ቀን ያልፋል። ኤዲተሩ ደግሞ ከ7ኛው ቀረጻ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ከ31ኛው አንድ እይታ ወስዶ ያጋጥማል። ወንበሩ በ7ኛው ኖሮ በ31ኛው ከሌለ፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ ብን ብሎ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ መንፈስ አያስፈልግም።

3ኛው የቃላት ሰው ነው። ከየክሩ አይጠፋም እንዲህ ያለ ሰው። ፊልም ላይ የታየ ጉድ ሁሉ የኮንቲኒዩቲ ስህተት እንዳልሆነ አስረዳ። ኮንቲኒዩቲ የሚባለው አንዱ ሾት ከቀጣዩ ጋር አልገጥም ሲል ነው፤ ሲጋራው ሲረዝም፣ መጠጡ ሳይቀዳ ሲሞላ። በ2000 የወጣው «ግላዲያተር» ውስጥ ሠረገላው ሲገለበጥ የሚታየው የጋዝ ሲሊንደር ግን ዘመኑን የሳተ ዕቃ ነው። በ2019 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ ጠረጴዛ ላይ የተረሳው የቡና ኩባያም ከዚያው ጎራ ነው። የ«ታይታኒክ» ከዋክብት ደግሞ ሌላ ናቸው፤ የእውቀት ስህተት። ሳይንቲስቱ ኒል ዲግራስ ታይሰን ሰማዩ የዚያ ሌሊት ሰማይ አይደለም ብሎ ነገሩን ስላላበረደው፣ ጄምስ ካሜሮን በ2012 ፊልሙን በ3ዲ ሲያወጣ ከዋክብቱን አስተካክሏል። 3ኛው ልክ ነው። ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ሲሊንደሩንም ወንበሩንም በአንድ ጆንያ ከተተ።

4ኛው ቀልድ ነው። 5ኛው ቀልዱ እንዳልገባው የሚናገር ነው።

6ኛው ላይ ነገሩ ከበድ አለ። ጸሐፊው የያን ሃርላንን ምስክርነት አመጣ። ሃርላን የኩብሪክ ሚስት ወንድም ነው፤ የዚያው ፊልም ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርም ነበር። የሆቴሉ ውስጥ ሆን ተብሎ እርስ በርሱ እንዳይገጥም ተደርጎ እንደተሠራ፣ ያ ግዙፍ የዳንስ አዳራሽ በሕንፃው ውስጥ ሊገባ እንደማይችል፣ ተመልካቹ የት እንዳለ እንዲጠፋበት እንደተፈለገ ተናግሯል። ከፋቹ ወዲያው ልብ ሰጠው። 7ኛው ግን ጊዜ አልሰጠውም። የኩብሪክ የረጅም ጊዜ ረዳት የነበረው ሊዮን ቪታሊ፣ በ2012 የወጣው «ሩም 237» የተባለው ዶክመንተሪ የዘረዘራቸውን የምስጢር ፍቺዎች በአብዛኛው ስቆባቸው ማለፉን አስታወሰ።

ሁለቱም ምስክሮች የቤት ሰዎች ናቸው። ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም። እዚህ ላይ እኔም ልግባበት። ግድግዳ አስበህ፣ ንድፍ ሥለህ፣ አናጺ ጠርተህ ነው የምታቆመው። ወንበርን ግን መብራት የሚያዛውር ሰው ስለደነቀፈው ብቻ ገፋ ሊያደርገው ይችላል። የአዳራሹ ነገር ታስቦበታል ማለት ወንበሩም ታስቦበታል ማለት አይደለም። ከፋቹ አንዱን ማስረጃ ለሁሉም አዋለው።

8ኛዋ እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ እንደነበር ገልጻ ገባች። ሥራዋ ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ነው። ቀረጻ ቦታ ላይ ማን በየትኛው እጁ ምን እንደያዘ፣ የማን ኮሌታ እንደተገለበጠ፣ መጠጡ እስከ የት እንደጎደለ የምትመዘግበው እሷ ነች። የክሩ ረጅሙ መልስ የእሷ ነው። ለእኔ ምርጡም እሱ ነው።

የተረከችው ስለ አንድ የእራት ትዕይንት ነው። ባልና ሚስት ጠረጴዛ ላይ ይጣላሉ። በፊልሙ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቀረጻው ግን ሙሉ ቀን ፈጀ። ሻማው በየቀረጻው እያጠረ እንዳያስቸግር ቁመታቸው የተለያየ ሻማዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ። የጠቡ መጀመሪያ ሲቀረጽ ረጅሙ፣ መጨረሻው ሲቀረጽ አጭሩ ይበራል። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ ጠረጴዛውን ፎቶ ታነሳለች። ባልየው ብርጭቆውን በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያነሳ ስክሪፕቱ ጠርዝ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ጠዋቱን ሙሉ በቀኝ እጁ ነበር፣ የሚስቱን እናት ስም ሲጠራ።

ከሰዓት በኋላ በአንዱ ቀረጻ ላይ ሰውየው ያልተለማመደውን አደረገ። ድምፁ ተሰበረ። ብርጭቆውን ጭራሽ ረሳው። በግራ እጁ ናፕኪኑን ጨምድዶ ንግግሩን እንደምንም ጨረሰ። እሷ ሄዳ ብርጭቆውም እጁም ከጠዋቱ ጋር እንደማይገጥም ለዳይሬክተሩ ነገረችው። እሱ ማየቱን ብቻ ገልጾ ወደ ሥራው ዞረ። ፊልሙ ውስጥ የገባው ያ ቀረጻ ነው። ብርጭቆው ወደ አፉ ሲሄድ ይቆረጣል። በቀጣዩ ሾት ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ናፕኪኑ እጁ ውስጥ። ፊልሙ ሲወጣ ስህተት ለቃሚዎች ዳይሬክተሩን አልነኩትም። የኮንቲኒዩቲ ሰራተኛዋ ተኝታ ነበር ወይ ብለው የሳቁት በእሷ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው፣ ብላ ዘጋችው።

9ኛው በዚያው ቀጠለ። «አፖካሊፕስ ናው»ን ካቀናበሩት ኤዲተሮች አንዱ የሆነው ዋልተር መርች፣ አንድ መቁረጫ ቦታ ሲመረጥ ምን ምን መመዘን እንዳለበት በቁጥር አስቀምጧል። ስሜት 51 በመቶ፣ ታሪክ 23፣ ምት 10፣ የተመልካቹ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ 7፣ የስክሪኑ ገጽታ 5። ሰዎችና ዕቃዎች በቦታቸው መገኘታቸው፣ ማለትም የእኛ ወንበር፣ መጨረሻ ላይ 4 በመቶ ይዞ ተቀምጧል። ስሜቱን ለማዳን ሲባል መጀመሪያ የሚሠዋው ይህ 4 በመቶ ነው። የማርቲን ስኮርሴዚ ኤዲተር ቴልማ ስኩንሜከርም፣ 3 ኦስካር ያላት ሴት ነች፣ ትወናው ከበለጠባት የእጅ አቀማመጥ መዛነፉ እንደማያስጨንቃት ደጋግማ ተናግራለች።

10ኛው ላይ ከፋቹ ብቅ አለ፤ በድል አድራጊነት። አዩትና ተዉት ማለት አውቀው ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ እኔ ልክ ነበርኩ ነው ነገሩ። 11ኛው አሁንም «እርስዎ» እያለ፣ ግን ጥርሱን ነክሶ መለሰለት። አስቦ ማድረግና አይቶ መተው ለየቅል ናቸው። ዳይሬክተሩ ናፕኪኑ እንዲቀየር አልፈለገም። ያን ድምፅ ፈልጎ ናፕኪኑን እንደ ዕዳ ተቀበለው። ናፕኪኑ ውስጥ መልእክት የሚፈልግ ሰው ደረሰኝ ላይ ግጥም እንደሚያነብ ነው።

ክሩን ሙሉ አንብቤ የማምነው ይህንን ነው። ያላዩት አለ። አይተው የተውት አለ። ሆን ብለው ያደረጉት አለ። የሁለቱ ጎራ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚናከሱት መሃለኛውን ስለሚረሱት ነው፤ የሚበዛው ደግሞ መሃለኛው ነው። እሱን ስህተት ካልከው ሰዎቹ አይተውታል። መልእክት ካልከው ደግሞ ማንም ምንም ሊልክልህ አላሰበም።

ከ12 እስከ 15 ያሉት ምሳሌ ማዝነብ ነው። «ፕሪቲ ውመን» ውስጥ ሴትዮዋ ክሩዋሳን ይዛ ቆይታ ድንገት ፓንኬክ ስትገምጥ ትታያለች፤ ይኼ መቼም የማያውቀው የለም። 13ኛው በ1959 የወጣውን የሂችኮክን «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» አነሳ። ካፍቴሪያው ውስጥ ሽጉጥ ከመተኮሱ በፊት፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ሁለት ጆሮውን በጣቶቹ ደፍኖ ይጠብቃል። ይኼ አይቶ መተው ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ይምጣ ብሎ ሄደ፤ ማንም አልመጣም። 15ኛው ደግሞ ያላዩትን ካዩት በኋላ ምን እንደሚመጣ አሳየ። በ1971ዱ የጄምስ ቦንድ ፊልም «ዳይመንድስ አር ፎርኤቨር» መኪናዋ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የምትገባው በቀኝ በኩል ባሉት ሁለት ጎማዎቿ ቆማ ነው። ስትወጣ በግራዎቹ ነች። ለመሸፈን ብለው መሃል ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስትገላበጥ የሚያሳይ ሾት ሰኩ። በዚያ ጥበት ያ እንዴት እንደሚሆን እግዜር ይወቀው። ከድጡ ወደ ማጡ።

16ኛዋ ተቃራኒውን ይዛ መጣች፤ ስህተት የሚመስል ግን ጥርት ተደርጎ የታሰበ። የ1985ቱ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ሲጀምር ማርቲ የሚሄድበት የገበያ ማዕከል ስሙ «ትዊን ፓይንስ» ነው፤ ምልክቱ ላይ ሁለት ጥድ። ወደ 1955 ሲጓዝ ገና እርሻ የሆነውን ያንኑ ቦታ በመኪናው ሲሸሽ አንዷን ችግኝ ይደፈጥጣታል። ተመልሶ ሲመጣ ምልክቱ ላይ «ሎን ፓይን» ተጽፏል፤ አንድ ጥድ ብቻ። ፊልሙ ውስጥ ማንም ስለዚህ ትንፍሽ አይልም። ችግኟን ያላስተዋለ ሰው ምልክቱን ሲያይ የዕቃ ክፍሉ ሁለት ቦርድ አምታቶ ነው የሚመስለው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለምልክቱ መቀየር ምክንያቱ ፊልሙ ውስጥ አለ፤ ጎማ ሥር ሲሰበር አይተነዋል። ለወንበሩ መጥፋት ምክንያት ማምጣት ያለበት ግን ተመልካቹ ነው፣ ከራሱ ኪስ።

ብዙዎች ላይክ አደረጉላት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

17ኛው «ሸተር አይላንድ»ን አነሳና አቧራው ጨሰ። በ2010 የወጣው የስኮርሴዚ ፊልም ነው። መርማሪው አንዲት የአእምሮ ሕመምተኛ እያናገረ ሳለ እሷ ውሃ ትለምናለች። ብርጭቆው ይመጣላታል። ስትጠጣ ግን በአንዱ ሾት እጇ ባዶ ነው፤ አየር ይዛ ነው የምትጨልጠው። ወዲያው ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ይታያል። 17ኛው ይህ የመርማሪው አእምሮ ውሃን ላለማየት የሚያደርገው ትግል ነው አለ፤ ምክንያቱንም ከፊልሙ መጨረሻ ጠቅሶ። 18ኛው ፊልሙን ገና አላየም ነበር። እሪ አለ። 19ኛው፣ ያ ትሁቱ 11ኛው ሰውዬ ነው፣ ይህን ያህል ዓመት ስላለፈው ፊልም ስፖይለር ብሎ ማልቀስ ያሳፍራል አለ፤ «እርስዎ» የሚለውን እዚያው ጥሎ በ«አንተ» ነው። 20ኛው «አንተ»ውን አንስቶ ስለ አስተዳደግ ጻፈ። 21ኛውን አላወራውም። 22ኛው የአወያዩ ማስጠንቀቂያ ነው።

በጩኸቱ መሃል ግን አንድ ጥሩ ነገር ተቀበረ። 17ኛውን የተቃወመ አንድ ሰው፣ ቁጥሩ 23 ነው፣ የዚያ ፊልም ኤዲተር ማን እንደሆነች ጠየቀ። ስኩንሜከር ነች። 9ኛው ላይ ስለ እጅ አቀማመጥ ግድ የላትም የተባለችው። ታዲያ ባዶው እጅ ሆን ተብሎ ነው ወይስ የልማዷ ነው? እኔ ሆን ተብሎ ነው ባይ ነኝ። ብርጭቆ ቦታ ቀየረ ማለት አንድ ነገር ነው። ተዋናይት ካሜራ ፊት ባዶ እጇን ወደ አፏ አድርሳ እንድትውጥ ግን አንድ ሰው ሊነግራት ይገባል። ያ በአጋጣሚ አይሆንም። ኤዲተሯ ያደረገችው ነገር ካለ፣ እንዲህ ዓይነት ሾት ሲያዩ ተመልካቾች የእሷን ግድ የለሽነት እንዲጠረጥሩ አርባ ዓመት ማለማመዷ ነው።

ከ24 እስከ 27 ክሩ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ስህተት በኋላ ይታረም ወይስ ይተው? «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ኩባያውን በዲጂታል አጥፍቶታል። በ1981ዱ ኢንዲያና ጆንስ ፊልም ውስጥ እባቡ ከተዋናዩ የሚለይበት መስታወት ነጸብራቁ ይታይ ነበር፤ ኋላ በወጡት ቅጂዎች የለም። 26ኛው የሚጠላው ይህንን ነው፤ ፊልም በተሠራበት ዘመን ልክ መቆየት አለበት ባይ ነው። 27ኛዋ በ1977ቱ «ስታር ዋርስ» መለሰችለት። አንዱ ወታደር በሩን ሲያልፍ ግንባሩን ይጋጫል። በ2004 ዲቪዲ ሲወጣ ሾቱን አልቆረጡትም፤ እንዲያውም የግጭት ድምፅ ጨመሩበት። ስህተቱን አቅፎ መሳም ይሉታል እንዲህ ነው። ያላዩት ነገር በ27 ዓመቱ ሆን ተብሎ ወደተደረገው ክፍል ተዛወረ ማለት ነው፤ 11ኛው ቢረጋጋ ኖሮ ይህን ይወደው ነበር።

28ኛው ጥያቄውን ወደ እኛ አዞረው። በ1997 ዳንኤል ሌቪንና ዳንኤል ሳይመንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ሴቶች ጠረጴዛ ላይ ሲያወሩ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠሩ። በየቁርጡ ሆን ብለው 9 ለውጥ አስገቡ፤ ሻርፕ ይጠፋል፣ የሳህን ቀለም ይቀየራል። ካዩት 10 ሰዎች መካከል ለውጥ ያስተዋለው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አንዱን። በሌላ ፊልማቸው ደግሞ ስልክ ለማንሳት የተነሳው ሰው በቁርጡ በሌላ ተዋናይ ተተካ። ከተመልካቾቹ ሁለት ሦስተኛው ገደማ አላወቁም። ስለዚህ ወንበር የሚቆጥሩት ፊልም እያዩ ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ ፊልሙን አቁመው፣ መልሰው፣ ውሃ ቀጠነ የሚሉ ናቸው። 28ኛው ይህን በስድብ አላለውም። ከፋቹ ግን እንደ ስድብ ወሰደውና ክሩን ለቅቆ ወጣ።

29ኛው ይህን ተከትሎ የሉዊስ ቡኑኤልን የመጨረሻ ፊልም አመጣ፣ የ1977ቱን «ዛት ኦብስኪዩር ኦብጀክት ኦፍ ዲዛየር»። ኮንቺታ የምትባለውን አንዲት ሴት ሁለት ተዋናዮች፣ ካሮል ቡኬና አንሄላ ሞሊና፣ እየተፈራረቁ ይጫወቷታል። አንዳንዴ አንዷ በበር ወጥታ ሌላዋ ትመለሳለች። ሰውየው ምንም አይለውም፤ ፊልሙም አያስረዳም። 29ኛው እንደሚለው እሱ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶ ሁለት መሆናቸውን ያወቀው የተዋናዮቹ ስም ዝርዝር ሲመጣ ነው።

30ኛው አላመነውም። ሁለቱ ሴቶች በመልክ ጭራሽ አይገናኙም። 31ኛው ለ29ኛው ቆመለት፤ የሁለቱንም ድምፅ የሞላችው አንዲት ሦስተኛ ሴት ስለሆነች ጆሮ ዓይንን ሊያታልል ይችላል። የ28ኛውን ጥናትም ጠቀሰለት። 32ኛዋ ጥናቱ ስለ ጥቂት ሰከንድ ፊልም እንጂ ከአንድ ሰዓት ከግማሽ በላይ ስለሚፈጅ እንዳልሆነ አስታወሰች። 33ኛው ሰውየው መሃል ላይ እንቅልፍ ወስዶት እንደሆነ ጠየቀ። 29ኛው በ34 ተመልሶ አልተኛሁም ብሏል፤ በትልልቅ ፊደል። ለዚህ እስካሁን 3 መልስ አለ፤ ሦስቱም ስለ መነጽር ናቸው።